የዩኒቨርሲቲ ጎተራ ምን ይዟል? ምንስ ጎድሎታል?

ብዙ ተማሪዎች «የዩኒቨርሲቲ ዲጂታል ማከማቻ» የሚለውን ስያሜ ሲሰሙ ወደ አእምሯቸው የሚመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፍ። ያውም የሌላ ሰው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የማስረከቢያው ቀን በተቃረበበት ሰሞን ምዕራፍ ሁለት እንዴት እንደሚጻፍ ለማየት ተከፍቶ ወዲያው የሚዘጋ። ይህን አስተያየት እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ጠባብ ግንዛቤ ነው። አንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም በኮምፒዩተር አማካይነት ሰብስቦ፣ መዝግቦና ጠብቆ ለሕዝብ የሚያቀርበው ሥራ ከመመረቂያ ጽሑፍ እጅግ የሰፋ ነው፤ ሊሰፋም ይገባዋል። የጥናት መጣጥፍ፣ የመማሪያ ማስታወሻ፣ የቤተ ሙከራ ልኬት፣ የመስክ ፎቶግራፍ፣ የብራና መጽሐፍ ምስል፣ ሥዕል፣ ዜማና ቴአትር ሁሉም በአንድ ጎተራ ሊያድሩ ይችላሉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የፊዚክስ መምህር በመሆኑ «ሥዕልና ዜማ ካንተ ጋር ምን አገናኛቸው?» የሚል ጥያቄ እንደሚቀርብበት ያውቃል። ምላሹ ወደ ኋላ ይመጣል። (በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በስተቀር በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሙያዬ ልጀምር። በዓለም ላይ ካሉት ዲጂታል ስብስቦች መካከል የሳይንስን አሠራር በብርቱ የለወጠው «አርካይቭ» የተባለው ይመስለኛል። ይህን ስብስብ በኦገስት 1991 የመሠረተው ፖል ጊንስፓርግ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ሲሆን፣ ቦታውም በአሜሪካ የሎስ አላሞስ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ተመራማሪ ሥራው በመጽሔት ከመውጣቱ በፊት ለባልደረቦቹ ማድረስ ሲፈልግ ቅጂውን አባዝቶ በፖስታ ይልክ ነበር። የሚልከውም ለሚያውቃቸው ነው፤ የሚያውቃቸውም በአብዛኛው በታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ ናቸው። አዲስ አበባ ወይም ዳካር ተቀምጦ ለሚያስተምር ሰው ያ ፖስታ አይደርሰውም። መጽሔቱም ቢሆን የደንበኝነቱ የውጭ ምንዛሪ ከተገኘ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣም ዘግይቶ ነው። አርካይቭ ይህን ልዩነት አጠፋው ማለት ባይቻልም በእጅጉ አጠበበው። በ2001 ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፤ በ2022 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የያዛቸው ጽሑፎች ቁጥር ከ2 ሚሊዮን አለፈ።

በኖቬምበር 2002 ግሪጎሪ ፔሬልማን የተባለው ሩሲያዊ የሒሳብ ሊቅ፣ ከ1904 ጀምሮ ሳይፈታ የቆየውን የፑዋንካሬን ግምት የሚያረጋግጠውን ሥራውን የመጀመሪያ ክፍል ያኖረው በዚሁ ማከማቻ ውስጥ ነበር። ለመጽሔት አልላከውም። ባለሙያዎች ለዓመታት መረመሩት፤ ትክክል ሆኖም አገኙት። በ2006 የፊልድስ ሜዳልያ፣ በ2010 ደግሞ የ1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ሲሰጠው ሁለቱንም አልቀበልም አለ። የሰውየውን ጠባይ ለሌሎች እተዋለሁ። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን አንድ ሥራ ክብሩን የሚያገኘው ካረፈበት መጽሔት ስም ሳይሆን አንባቢ ደርሶበት ሊመረምረው ከመቻሉ መሆኑ ነው። ማከማቻ ማለት መጽሔት ያልተቀበለው ሥራ የሚጣልበት ጓሮ ነው የሚል አመለካከት በመምህራን ዘንድ ሳይቀር ይሰማልና ይህን ማንሣቱ አይከፋም።

የተጠናቀቀ ሥራ ብቻ ሳይሆን ያልተጠናቀቀውም ዋጋ አለው። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በዲሴምበር 2011 የአይዛክ ኒውተንን ወረቀቶች በኢንተርኔት ማቅረብ ሲጀምር፣ ከታተመው «ፕሪንኪፒያ» ይልቅ የብዙዎችን ትኩረት የሳበው ኒውተን በእጁ እያረመ የሞላው የራሱ ቅጂና ከእንጀራ አባቱ የወረሰው ትልቁ መዝገብ ነበር። በዚያ መዝገብ ውስጥ ካልኩለስ ገና ሲፀነስ ይታያል፤ የተሰረዘው መስመር፣ የተጀመረው ስሌት፣ የተሞከረው መንገድ ሁሉ። ካልኩለስን በመማሪያ መጽሐፍ ብቻ ያወቀ ተማሪ ነገሩ ከሰማይ የወረደ ሊመስለው ይችላል። ይኸው ዩኒቨርሲቲ በኦክቶበር 2017 የስቲቨን ሆኪንግን የ1966 የዶክትሬት ጽሑፍ ለሁሉም ክፍት ባደረገ ጊዜ የአንባቢው ብዛት ድረ ገጹን አንቆ እስከ መዝጋት አደረሰው። ስለሚሰፋ ዩኒቨርስ የተጻፈ፣ በእኩልታ የተሞላ የ24 ዓመት ወጣት ሥራ ያን ያህል ሕዝብ ለማንበብ ይሻማበታል ብሎ የገመተ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። በአራት ኪሎ ግቢ የነበረው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ፣ ዛሬ የጂኦፊዚክስ፣ የስፔስ ሳይንስና የአስትሮኖሚ ተቋም የሆነው፣ የተቋቋመው በ1957 እና በ1958 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሰሞን ነው። የመጀመሪያው ኃላፊ ፒየር ጉዊን የተባሉ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህንና ሳይንቲስት ነበሩ። እኚህ ሰው በ1979 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የሚዘረዝር መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ አሳታሚውም የካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ነው። መጽሐፉ የሚያስደንቀው በይዘቱ ብቻ ሳይሆን በምንጮቹም ጭምር ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ መሣሪያ ወደ አገራችን ከመግባቱ በፊት ስለነበሩት ዘመናት ለማወቅ ጉዊን የነገሥታትን ዜና መዋዕል፣ የመንገደኞችን ማስታወሻና የሚሲዮናውያንን ደብዳቤ ነው ያገላበጡት። በ1840ዎቹ መጀመሪያ አንኮበርን ስላናወጠው፣ በ1906 አዲስ አበባ ድረስ ስለተሰማው፣ በ1961 ካራ ቆሬንና ማጀቴን ስላፈረሰው፣ በ1969 ደግሞ በአፋር የሰርዶን መንደር ስላወደመው መንቀጥቀጥ በአንድ ጥራዝ ማንበብ የተቻለው በዚህ ድካም ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል። ዜና መዋዕል የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ሀብት ነው። የመንገደኛ ማስታወሻ ብዙውን ጊዜ የሚነበበው ለወሬው ነው። ዜና መዋዕሉን የጻፈው ሰው ስለ ምድር ቅርፊት መሰንጠቅ የሚያውቀው አልነበረም፤ የጻፈው የእግዚአብሔርን ቁጣ ወይም የንጉሡን ዘመን ምልክት ነው። ነገር ግን ቀኑን ጻፈ፤ ቦታውን ጻፈ፤ ምን እንደፈረሰ ጻፈ። ከመቶ ዓመታት በኋላ አንድ የፊዚክስ ሰው መጥቶ ያንን ዐረፍተ ነገር ወደ ልኬት ለወጠው። ከሴፕቴምበር 2024 መጨረሻ አንሥቶ እስከ 2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት በተደጋጋሚ ሲንቀጠቀጥ፣ ብዙ ሺህ ሰዎች ከቀያቸው ሲነሡ፣ አዲስ አበባም ፎቅ ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ ሌሊት ሲባንን «እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት ደርሶ ያውቃልን?» የማይል አልነበረም። ለጥያቄው የሚሆን ሰፊ መልስ ከ45 ዓመት በፊት ተጽፎ ነበር። በዚያ ሰሞን ተማሪዎቼን ስጠይቅ መጽሐፉ መኖሩን የሚያውቅ አንድ እጅ እንኳ አልወጣም። ጥፋቱ የተማሪዎቹ አይደለም። ማንም አላሳያቸውም፤ በአማርኛ «የመሬት መንቀጥቀጥ» ብሎ የሚፈልግ ሰውም እዚያ የሚደርስበት መንገድ አልተሠራለትም።

የኦብዘርቫቶሪው ሌላው ሀብት የመሬት መግነጢስ መዝገቡ ነው። አዲስ አበባ የምትገኘው ከመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ ነው። በዚህ መስመር ላይ፣ ከመሬት በላይ ከ100 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ ቀን ቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት በጠባብ መቀነት ይፈስሳል፤ የምድር ወገብ ኤሌክትሮጄት ይባላል። የዚህን ጅረት ውሎና አዳር ለመከታተል ከኦብዘርቫቶሪያችን የተሻለ ስፍራ ያላቸው አገሮች ጥቂት ናቸው። የቀድሞዎቹ መዝገቦች የተቀረጹት በብርሃን ነጥብ በፎቶግራፍ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀት ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል፤ ይደበዝዛል። በጥንቃቄ ስካን ተደርጎ ወደ ቁጥር ከተለወጠ ግን የብዙ የፀሐይ ዑደቶች ታሪክ ይሆናል፤ አንዱ ዑደት 11 ዓመት ያህል መሆኑን ያስታውሷል። የሳተላይት አቅጣጫ መጠቆሚያ በየኪሱ በገባበት ዘመን የላይኛውን ከባቢ አየር ጠባይ ማወቅ የቅንጦት ጥናት አይደለም። የሥነ ጥበብ ተማሪም ቢሆን እነዚያን ወረቀቶች አይቶ ዝም የሚል አይመስለኝም፤ የመግነጢስ ማዕበል በተነሣበት ቀን መስመሩ የሚጽፈው ነገር መልክ አለው።

ቃል እንደገባሁት ወደ ሥዕል ልለፍ። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ «መዝገበ ሥዕላት» የተባለ የኢትዮጵያ ሥዕሎች፣ የቤተ ክርስቲያን ሕንፃዎችና ቅርሶች የፎቶግራፍ ስብስብ አለው፤ ስሙም በአማርኛ ይኸው ነው። ያሰባሰቡት የታሪክ ምሁሩ ማይክል ገርቨርስና የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪዋ ኤቫ ባሊትስካ-ቪታኮፍስካ ናቸው። አንድ የፊዚክስ ተማሪ እዚያ ምን ይሠራል? ለምሳሌ ሰማያዊውን ቀለም ይከታተላል። ፕሩሲያን ብሉ የተባለው ቀለም በርሊን ውስጥ የተሠራው በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው፤ ሰው ሠራሹ አልትራማሪን ደግሞ በ1820ዎቹ። ስለዚህ በአንድ ሥዕል ላይ ከነዚህ አንዱ በኤክስ ሬይ ወይም በራማን ስፔክትሮስኮፒ ምርመራ ከተገኘ፣ ቢያንስ ያ የቀለም ንብር ቀለሙ ከመፈጠሩ በፊት አልተቀባም ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ከኮምፒዩተር ምስል ላይ የቀለሙን ኬሚካዊ ባሕርይ ማወቅ አይቻልም። መሣሪያውን ተሸክሞ ወደ የትኛው ደብር መሄድ እንደሚገባ የሚነግረን ግን የምስሉ ስብስብ ነው።

ዜማም እንዲሁ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች በድምፆቹ መካከል ያላቸው ርቀት በፒያኖው እኩል ክፍፍል ልክ አይሄድም የሚል ክርክር ዘወትር ይነሣል። ክርክሩን በስሜት ከመቀጠል ይልቅ መለካት ይቻላል። የቆዩ የክራርና የመሰንቆ ቅጂዎች በሥርዓት ተመዝግበው ቢገኙ፣ የሁለተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ የፉሪየ ትንተና ትምህርቱን ሳይጨርስ የእያንዳንዱን ጅማት ድግግሞሽ ማውጣት ይችላል። ተጫዋቹ ማን እንደሆነ፣ የት አገር እንደተቀዳ፣ በምን መሣሪያ እንደተቀዳ ካልተጻፈ ግን ቅጂው ከጆሮ ደስታ አልፎ ለጥናት አይሆንም። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና በአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተመራቂዎች በየዓመቱ የሚያቀርቧቸው ሥራዎችም የዩኒቨርሲቲ ሥራዎች ናቸው። የፊዚክስ ተመራቂ ጽሑፉን አስጠርዞ ለቤተ መጻሕፍት ሲያስረክብ፣ ሠዓሊው ግን ሸራውን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሁለቱ ድካም በአንድ ሚዛን የሚመዘን ከሆነ፣ ዲግሪውም አንድ ከሆነ፣ አንደኛው ተመዝግቦ ሌላኛው የሚጠፋበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ተቃውሞዎቹ አንዳንድ ነገር ማለት ግድ ነው። በሴፕቴምበር 2019 በወቅቱ የነበረው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አውጥቷል። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የምርምር ውጤት በየተቋሙ ማከማቻና በብሔራዊው የአካዳሚ ዲጂታል ማከማቻ እንዲገባ ፖሊሲው ያዝዛል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመመረቂያ ጽሑፎችን በኢንተርኔት የሚያቀርብ ማከማቻ አለው። ሆኖም በመምህራን ስብሰባ ሁሉ የሚሰማ አንድ ስጋት አለ፤ «ክፍት ካደረግነው ይሰርቁናል» የሚል። እኔ ነገሩን በተቃራኒው አየዋለሁ። የተሰረቀ ጽሑፍ የሚኖረው ዋናው ጽሑፍ በጨለማ መደርደሪያ ላይ ሲሆን ነው። አንድ ጽሑፍ ቀኑና የደራሲው ስም ተመዝግቦ በአደባባይ ከቆመ የሰረቀውን ሰው ማንም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በፍለጋ ብቻ ሊይዘው ይችላል። ሌላው ስጋት የጥራት ነው፤ ደካማ ሥራ በአደባባይ ቢታይ ዩኒቨርሲቲውን ያሳፍራል ይባላል። ያሳፍር። አማካሪውም ፈታኙም ሥራው እንደሚነበብ ካወቁ ብዕራቸው ይጠነቀቃል። ከሦስተኛው ግን ጋር አልከራከርም፤ የቅጂ መብትና የግል ምስጢር ጉዳይ ነው። የሕመምተኛ መረጃ፣ ቃለ መጠይቅ የሰጠ ሰው ማንነት፣ የሙዚቀኛ መብት ሊከበር ይገባል፤ ክፍትነት ይህን ለመድፈር ፈቃድ አይሆንም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ማንም የማይከራከርበት፣ ነገር ግን ማንም የማያስተካክለው የቴክኒክ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ የሚጻፈው እያንዳንዱ ድርጅት በራሱ መንገድ በሠራው ሶፍትዌርና ፎንት ነበር። ኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደል ሲሆን ፎንቱ ግን አማርኛ አድርጎ ያሳየናል። ፎንቱ የሌለው ኮምፒዩተር ላይ ያንኑ ሰነድ ስንከፍት የሚወጣው ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ነው። በዚያ ዘመን በአማርኛ የተጻፉ የመመረቂያ ሥራዎች፣ የትምህርት ማስታወሻዎችና የተማሪ መጽሔቶች ስንት ዲስኬት ላይ እንዲህ ታስረው እንደቀሩ ማሰብ ያሳዝናል። ስካን ተደርገው የተቀመጡትም ቢሆኑ ብዙዎቹ ፎቶግራፍ ብቻ ናቸው፤ ዓይን ያነባቸዋል፣ የፍለጋ ፕሮግራም ግን አያነባቸውም። አማርኛን ከምስል ላይ የሚያነቡ እንደ ቴሰራክት ያሉ ነፃ ሶፍትዌሮች ስላሉ ይህ የማይፈታ ችግር አይደለም።

ፊደላችን የሚያመጣው ሌላ ችግር ደግሞ አለ፤ በስሌት ላሳየው። አንድ ተማሪ «የፀሐይ ኃይል» ብሎ መፈለግ ፈለገ እንበል። በ«ፀሐይ» ውስጥ የመጀመሪያው ፊደል በ«ፀ» ወይም በ«ጸ» ሊጻፍ ይችላል። ቀጥሎ ያለው በ«ሀ»፣ በ«ሃ»፣ በ«ሐ»፣ በ«ሓ»፣ በ«ኀ» ወይም በ«ኃ»። ይህ 12 ዓይነት አጻጻፍ ነው። «ኃይል» ደግሞ በራሱ 6 አለው። ሲባዛ 72 ይሆናል። ተማሪው አንዱን ጽፎ የቀሩትን 71 ያጣቸዋል ማለት ነው። ትክክለኛው አጻጻፍ የቱ እንደሆነ መሟገቱን ለቋንቋ ሊቃውንት ትተን፣ የፍለጋ ፕሮግራሙ ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ እንዲቆጥር ማድረግ ግን የጥቂት መስመር ፕሮግራም ሥራ ነው፤ ለኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ የአንድ ሳምንት ሥራ ቢሆን ነው። የሰው ስምም ሌላ ጣጣ ነው። የውጭ አሠራር የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚወስደው ጌታቸው ኃይሌ አንዳንድ ቦታ በ«ኃይሌ» ሥር፣ ሌላ ቦታ በ«ጌታቸው» ሥር ይገኛሉ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ስም አራትና አምስት መልክ ይይዛል፤ የአንድ ምሁር ሥራም በአራት ሰዎች ስም ተበታትኖ ይቀራል።

ጌታቸው ኃይሌን ካነሣሁ አይቀር፣ የብራና መጻሕፍቱን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከ1973 ጀምሮ በተካሄደው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ 9,000 ያህል ጥራዞች ፎቶግራፍ ተነሥተዋል። ቅጂው በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ፤ በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸውም ለአሥርተ ዓመታት እያነበቡ ይዘታቸውን መዘገቡ። ዛሬ ብዙዎቹን በኢንተርኔት ማየት ይቻላል። የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲም በ2016 «ቤተ መጻሕፍት» ለማለት የግዕዙን ስም ወስዶ «ቤተ መጻሕፍት» ብሎ የሰየመውን የብራና መዝገብ ጀምሯል። ይህ ሁሉ ምስጋና የሚገባው ሥራ ነው። ግን በሐረር፣ በወሎና በጅማ ያሉት የዓረብኛና የአጀሚ ጽሑፎች የዚያን ያህል እንዳልታደሉ መዘንጋት የለብንም። ብራናውን ለዘመናት የጠበቀው ገዳም ወይም መስጊድም የተነሣው ምስል አንድ ቅጂ በእጁ ሊኖረው ይገባል። በመነኩሴው ትከሻ የተጠበቀ መጽሐፍ በውጭ ዩኒቨርሲቲ ስክሪን ላይ ሲነበብ ባለቤቱ የማያየው ከሆነ፣ «ክፍት ነው» የሚለው ቃል ለማን ክፍት እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ዲጂታል የሆነ ሁሉ ዘላለማዊ ነው ብሎ የሚያምን ካለም አንድ ነገር ያስታውስ። በ1086 የተጻፈውን የእንግሊዝ የግብር መዝገብ፣ ዱምስዴይ ቡክ የሚባለውን፣ 900ኛ ዓመት ለማክበር ቢቢሲ በ1986 አዲስ መዝገብ በሌዘር ዲስክ አዘጋጀ። 16 ዓመት ሳይሞላው ዲስኩን የሚያነብ መሣሪያ ማግኘት ብርቅ ሆነ፤ ብራናው ግን አሁንም ይነበባል። በኦክቶበር 2023 ደግሞ የብሪቲሽ ላይብረሪ ኮምፒዩተሮች በቤዛ ጠያቂ ሰርጎ ገቦች ተጠቁ፤ አገልግሎቶቹም ለወራት ተቋረጡ። በ1868 ከመቅደላ ከተወሰዱት ብራናዎች 350 ያህሉ እዚያው ናቸው፤ የከፊሎቹም ዲጂታል ምስል ከአንባቢ ዓይን ተሰወረ። መድኃኒቱ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እንደ አዲስ ተነሥቶ የተሠራበት ነው፤ ቅጂውን ማብዛትና በተለያየ ቦታ ማኖር። አዲስ ሐሳብ ግን አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው ለዓለም የደረሰው በግዕዝ ብቻ ነው፤ የደረሰውም በአንድ ደብር ሳይሆን በየደብሩ ተገልብጦ ስለነበር ነው። (የሄኖክ መጽሐፍ ስለ ፀሐይና ጨረቃ አካሄድ ሰፊ ክፍል እንዳለው የሥነ ፈለክ ወዳጆች ይወቁት።) የአንድ ዩኒቨርሲቲ ማከማቻ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ሰርቨር ላይ፣ በአንድ ባለሙያ እጅ ብቻ ካለ፣ መብራት በጠፋ ወይም ባለሙያው ሥራ በለቀቀ ጊዜ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም።

ከተማሪዎች ስለሚጠበቀው ከላቦራቶሪያችን አንድ ነገር ልጥቀስ። የመጀመሪያ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ሁሉ ፔንዱለም አወዛውዞ የመሬትን የስበት ፍጥነት ይለካል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል፣ ቦታዋም ለምድር ወገብ የቀረበ በመሆኑ ትክክለኛው ዋጋ በሰከንድ ስኩዌር 9.77 ሜትር ገደማ ነው። በየዓመቱ ግን ከማርመው ሪፖርት ውስጥ ጥቂት የማይባለው 9.81 ይላል። ይህ የኤውሮፓ መማሪያ መጽሐፍ ቁጥር ነው፤ ከፔንዱለሙ የመጣ አይደለም። 9.6 ወይም 9.9 ብሎ ያገኘውን በሐቅ የጻፈው ተማሪ ሪፖርት ከታረመ በኋላ ወደ ቅርጫት ይሄዳል። እነዚያ ሐቀኛ ልኬቶች ለ20 ዓመት ተጠራቅመው ቢሆን ኖሮ ስለ ስሕተት ሥርጭት ከየትኛውም መጽሐፍ የተሻለ ማስተማሪያ በእጃችን ነበረ፤ ያውም በራሳችን አዳራሽ፣ በራሳችን ክር የተለካ። ከዘንድሮው ክፍል ጀምሮ ለማኖር ከተማሪዎቼ ጋር ተስማምተናል። በፋይሉ ውስጥ የሚገባው የክሩ ርዝመት፣ የ20 ውዝዋዜ ጊዜ፣ ቀኑ፣ የክፍሉ ቁጥርና ሰዓቱን የያዘው ተማሪ ስም ነው። የመጨረሻው መልስ አይገባም፤ እሱን አንባቢው ራሱ ያስላው።